የተዘጋጀው ቤት

ሠረገላው ቁልቁለቱን ሲጀምር የቀለም ብልቃጡን በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ፣ መዝገቡን በደረቴ አቅፌ፣ ብዕሩን በጥርሴ ነክሼ ነበር። ሻለቃው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የኪስ ሰዓታቸውን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ደግሞ ከፍተው ይዘጋሉ። ከጎናቸው ያሉት የወፍጮ ቤቱ እመቤት መንገዱ በነቀነቃቸው ቁጥር «ውይ!» እያሉ በጃንጥላቸው ጫፍ የነጂውን ጀርባ ይወጋሉ።

«እሜቴ፣ እኔን ቢወጉኝ ፈረሶቹ አይሰሙም እኮ» አለ ነጂው ዞር ሳይል።

«አንተ ከሰማህ ይበቃኛል።»

ድንበሩ ላይ ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ዓመት፣ ትኩሳቱ ከተማችን በገባ በአራተኛው ሳምንት ነው። አልጋና መድኃኒት ያለው ከወንዙ ማዶ ባለው ሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ ወደዚያ የሚያሻግረው ድልድይም አንድ ነው። የዚያን ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጦሩ ድልድዩን ለራሱ ሊይዘው ነበር፤ ለስንት ሳምንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ደብራችን በስንት ደጅ ጥናት ከጦሩ አዛዥ አንድ የይለፍ ወረቀት አገኘ፦ ሁለት የጭነት ጋሪ፣ አሥር በሽተኛ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት። አቅም ያለው ቀደም ብሎ በራሱ ጋሪ ተሻግሯል። አሥሩ ቦታ ለሌለው ነበር።

ሦስታችን የርዳታው ጉባኤ ነን። ሥራችን በየቤቱ ገብቶ ማን ችግረኛ፣ ማን የሚችል እንደሆነ በዓይን አይቶ መመዝገብ ነው። «በዓይን» የምትለዋን ቃል ሻለቃው ይወዷታል። «እኔ በወሬ ዘምቼ አላውቅም» ይላሉ፤ «ያየሁትን ብቻ።» ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ቢሆናቸውም የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው ነው የሚወጡት፤ ቁልፎቹ እንደ መስተዋት ያበራሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ጨዋነት ያበዙ ነበር፤ «ሳያስነግሩ ሰው ቤት መግባት የወታደር ሳይሆን የወራሪ ሥራ ነው» ብለው፣ የምንመጣበትን ቀንና ሰዓት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ያስነገሩት እሳቸው ናቸው።

እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በቁመቴ ልክ ያለውን ስጨርስ ሣጥን ላይ ቆሜ የላይኛውን አነበብኩ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «አጎቴ አስተማረኝ» እል ነበር። አጎት የለኝም። ጽሕፈቴ በደብሩ ውስጥ አንደኛ መሆኑን ደግሞ ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም፤ እኔው ቀድሜ እነግራቸው ነበር።

የቀለም ነካሪዎቹ መንደር የሚጀምረው ከቁልቁለቱ በታች ነው። መሃል ለመሃል የሚወርደው ቦይ ባንድ በኩል ሰማያዊ፣ ባንድ በኩል ቀይ ሆኖ ይፈስና ታች ሲደርስ ጭቃ ይመስላል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ጨርቅ የሚያስነክር ስለሌለ ያን ቀን ውሃው ንጹሕ ነበር። ንጹሕ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

መጀመሪያ የገባነው ገመድ ሠሪው ቤት ነው። ወለሉ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ጠረጴዛው ላይ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተሰፋ ነጭ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ መደገፊያው የተቀረጸ ወንበር። አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ሻለቃው ተቀመጡበት። ከክፍሉ ወዲያ ጥግ ጨርቅ ተጋርዷል። ገመድ ሠሪው ሁለት እጁን አጣምሮ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ፣ ቤታችንን አከበራችሁት» ይላል።

የወፍጮ ቤቱ እመቤት ማንቆርቆሪያውን በጣታቸው አንኳኩ። «መዳብ! ኧረ ይሄስ ከእኔም ቤት ይሻላል።»

«ችግር አለ?» አሉ ሻለቃው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ገመድ ሠሪው።

ሌላ ምን ሊል ኖሯል? በዚያ ጨርቅና በዚያ መዳብ ፊት፣ የማዕረግ ልብስ ለለበሰ እንግዳ! ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ። በሚያምረው ጽሕፈቴ «የሚችል» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ቤት የሁለት ልብስ አጣቢ እህትማማቾች ነበር። ታላቅየዋ ብቻ ናት የተቀበለችን። ነጭ ጨርቅ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወንበር። «የሚችሉ።» ሦስተኛው ቤት ስንገባ ማንቆርቆሪያው ሆዱ ላይ ስርጉድ ያለ ነገር እንዳለው አየሁ፤ አንድ ሰው ሊጥ መስሎት አውራ ጣቱን የተጫነበት ይመስላል። ያንኑ ስርጉዳት ገመድ ሠሪው ቤትም አይቼዋለሁ። ጆሮዬን ስሰጥ ደግሞ፣ ከሠረገላው ወርደን ሻለቃው ጓንታቸውን እስኪያወልቁ ድረስ፣ በጓሮ በኩል የሚሮጥ እግርና «ቀስ! ውሃ አለበት!» የሚል ሹክሹክታ ነበረ። ሻለቃው ለሦስተኛ ጊዜ ያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸው አላወቁትም፤ ወንበሩ ግን ሳያውቃቸው አይቀርም።

ዝም ያልኩት አዝኜላቸው አልነበረም። እንዲህ ያለች ጨዋታ በደንብ እስክትበስል ይዤ መቆየት እወዳለሁ።

አራተኛው የቀለም ነካሪው ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የጎደጎደ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። ወንበሩን አሁን አሁን እንዳስገባችው ያስታውቃል፤ አንዱ እግሩ የጓሮ ጭቃ ይዞ መጥቷል። ባልየው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ጸጉሩ በውሃ ተበጥሯል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ እጆቹ እስከ ክንዱ ድረስ፣ ከሥራው የተነሣ፣ የማይለቅ ሰማያዊ ናቸው። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሻለቃው ጨበጡት። «እጅህ ይሞቃል! ደም ያለው ሰው ነህ።»

«አምላክ ይመስገን፣ ሻለቃ።»

«ተቀመጥ እንጂ።»

«እርስዎ ቆመው? አይሆንም።»

ሻለቃው ተቀመጡ። ሰውየው አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደ ዋዛ አሳርፎ ቆመ። ከጆሮው ሥር እስከ አንገትጌው ላብ ሲወርድ አየሁ። ውሃ ነው አልኩ በሆዴ፤ አሁን ታጥቦ ነው።

ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ሻለቃ፣ ማንቆርቆሪያውን ሰላም አይሉትም? ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ መገናኘታችሁ እኮ ነው። እኛ በሁለት ፈረስ እንመጣለን፣ እሱ አጥር ዘሎ ይቀድመናል። ወንበሩም አብሮት ነው፤ ይኸው እግሩን እንኳ አልጠረገም።»

የወፍጮ ቤቱ እመቤት በሳቅ ጃንጥላቸው ላይ ተደገፉ። ነጂው ከደጅ ሆኖ «በለው! ለእኔም ፈረሶች አቋራጩን ያሳያቸው!» አለ። ሳቃቸው ጥሞኛል። አልዋሽም፤ እንደ ትኩስ ሻይ ሆዴ ድረስ ነው የወረደው።

ሻለቃው አልሳቁም። ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን አገላብጠው አዩትና ስርጉዳቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ቀላ። «ለካ እኔ በዓይኔ ስመረምር እነሱ በዓይኔ ይጫወቱብኛል» አሉ።

«ተመሳጥረዋላ!» አሉ እመቤቲቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መዳብ የሚያዋውስ ሰፈር ሌላ ስንት ነገር ደብቆ ይሆን? እኔ ላይ ሰፈር ያሉ ምስኪኖች አሉኝ፤ ቦታው ለእነሱ ይሁን።»

«ቤተ ክርስቲያንን ለዋሸ መንደር ቦታ የለኝም» አሉ ሻለቃው። «ጻፊ። መንደሩ በሙሉ የሚችል ነው ብለሽ ጻፊ።»

ቁጭ የምልበት ስላልነበረ መዝገቡን በጠረጴዛው ጥግ ዘርግቼ ጻፍኩ። «ሚ»ን ስጽፍ ቀለሙ ስለሰፋብኝ በጨርቅ መጠጥኩትና እንደገና አሳመርኩት። ይህን ሁሉ ስሠራ ቀለም ነካሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። ትንፋሹ ብዕሬ ላይ ይመጣ ነበር፤ ከምድጃ እንደሚወጣ ትንፋሽ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስንወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። አልተቆጣችም። ነገሩን ላላወቀ ሰው እንደምታስረዳ ነበር የምትናገረው።

«እህቴ፣ እንግዳ እኮ ናችሁ። ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች ተባልን። ባዶ ቤት እናስገባችሁ?»

ሠረገላው ላይ ወጣሁ። ነጂው ፈረሶቹን ሲያዞር ከቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ።

«አሁን ደግሞ ምን ጣሉ?» አሉ እመቤቲቱ።

«ማንቆርቆሪያው ነው» አልኩ።

መዳብ ሲወድቅ ይጮኻል። ያኛው አልጮኸም። እኔ ደግሞ ሰው ሲወድቅ ድምፁ ምን እንደሚመስል ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ።

ዳገቱን ወጣን። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እኛም ቤት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ነበር። እናቴ ከሦስት ቤት ራቅ ብላ አበባ ያለበት መጋረጃ ተዋሰችና በግድግዳው ጋዜጣ ላይ ሰቀለችው፤ ጋዜጣው አሳፍሯት ነው። እኔንና ታናሽ እህቴን ፊታችንን አጥባ ጎን ለጎን አቆመችን፤ «ስትስቁ ጥርሳችሁ ይታይ» አለችን። ሳቅን። ሰዎቹ መጋረጃውን አዩ፣ ጥርሳችንን አዩ፣ ጻፉና ሄዱ። በዚያ ክረምት የምንለብሰው አንድ ብርድ ልብስ እንኳ አልመጣም። እህቴ መስከረምን አላየችም።

ስለዚህ አላወቅኩም ልል አልችልም። ማንቆርቆሪያውን ሦስተኛው ቤት ሳየው ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። እንዲያውም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ሠረገላው ላይ ነበርኩ፤ ከሠረገላው እንዳልወርድ ነው የቀለድኩት። ከዚያ መንደር አይደለሁም ለማለት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም፤ በነሱ ላይ ቀድሞ መሳቅ።

ደብሩ ስንደርስ ሰባት ተኩል ሆኗል። ሁለቱ የጭነት ጋሪዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ፈረሶቻቸው ገለባ ያኝካሉ። የደብሩ አለቃ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተሰቀሉት አልባሳት መሃል፣ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የይለፍ ወረቀቱን ዘርግተው ይጠብቁናል። ሽማግሌ ናቸው፤ መንገድ ስለማይችሉ ከእኛ ጋር አይወጡም።

«ስንት አገኛችሁ?» አሉ።

«ከታች መንደር አንድም» አሉ ሻለቃው ቀጥ ብለው ቆመው። «ሁሉም የሚችሉ ናቸው። አታለውናል፣ አባቴ፤ ዕቃ እየተዋዋሱ።»

አለቃው መዝገቡን ወስደው ጽሕፈቴን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ላይ የታመመውን አላየሁም። የታመመ አለ ብላችሁ ስትጠይቋቸው ምን አሉ?»

ሻለቃው ወደ እመቤቲቱ አዩ። እመቤቲቱ ወደ እኔ አዩ።

«ችግር አለ ብያለሁ» አሉ ሻለቃው ቀስ ብለው፤ «አንዱን። የመጀመሪያውን።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹን... አየን።»

መናገር ያለብኝ ያኔ እንደሆነ ገባኝ። እጄ ላይ የደረቀውን ቀለም እያየሁ ተናገርኩ። «አራተኛው ቤት ያለው ሰውዬ ታሟል። ለሻለቃ ክብር ብሎ ነው የቆመው። ስንወጣ ወድቋል፤ ማንቆርቆሪያ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ዕቃውን የተዋዋሱት ሊያታልሉን አይደለም። እንግዳ ስለሆንን ነው። እናቴም እንደዚህ አድርጋ ታውቃለች።»

«እናትሽ?» አሉ እመቤቲቱ። «ታዲያ አንቺው ነሽ እኮ የሳቅሽው!»

«የሳቁት እርስዎ ነዎት፣ እሜቴ። እኔ ያሳቅኩት ነኝ። የኔው ይብሳል።»

ሻለቃው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው መዳፋቸውን ያዩ ነበር። «ይሞቅ ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ደም ያለው ሰው ነህ አልኩት። ስንት ሺህ ወታደር በትኩሳት የቀበርኩ ሰው ነኝ። እጁን ይዤ...» አልጨረሱትም።

አለቃው ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ ሻለቃው ገፋ አደረጉት። «ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። እሁድ ዕለት እንደምንመጣ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደምንመጣ ግን አልነገርኳቸውም። ለበዓል የምንመጣ ሳይመስላቸው አይቀርም። በሉ፣ አሁን ሂዱና ጠይቁ። መዝገቡን እዚሁ ተዉት።»

የወፍጮ ቤቱ እመቤት ጃንጥላቸውን ከፍተው ዘጉት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተው በነጂዎቹ ላይ ሲጮኹ ሰማን። «በባዶ ጣውላ ላይ ነው በሽተኛ የምታስተኙት? ወፍጮ ቤት ሩጡና ገለባ አምጡ! ጆንያም! አዲሱን ጆንያ፣ የተቀደደውን አይደለም!»

ስምንት ሰዓት ላይ መንደሩ ውስጥ ነበርን። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ጠዋት በየደጃፉ የነበረው ሰው አንድም የለም፤ ቦዩ ብቻ ይሰማል። ሻለቃው አንድ በር አንኳኩ። ሌላ አንኳኩ፤ የከፈተ የለም።

መሃል መንገዱ ላይ ቆምኩ። ድምፄ ሁልጊዜ ሩቅ ይሰማል።

«ጠዋት ያሳቅኩባችሁ እኔ ነኝ» አልኩ። «የመጣነው በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ልናሻግር ነበር። ይህን ማንም አልነገራችሁም፤ እኔም አልነገርኳችሁም። የኔም እናት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን መጋረጃ ተውሳ ነው የተቀበለቻቸው። እኔም ያደግሁት እንደዚህ ባለ ቤት ነው። ሳላውቅ አይደለም የሳቅኩት፤ እያወቅኩ ነው። ጥፋተኛ ነኝ።»

ከአንዱ ግድግዳ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «ጨረሰች?»

«ገና ናት» አለች ሌላዋ። «የተማሩ ሰዎች ቶሎ አይጨርሱም።»

ከወደ ታች አንድ በር ተከፈተና የመንደሩ አዋላጅ ወጡ፤ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የጠቀለሉ፣ አጭር ወፍራም ሴትዮ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይቅርታሽ ይደር። ጋሪው ስንት ሰው ይይዛል?»

«አሥር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል!» አሉና ዞረው እየተጣሩ መቁጠር ጀመሩ። መዝገብ አላስፈለጋቸውም። የገመድ ሠሪው እናት፤ ከአጣቢዎቹ ታናሺቱ፤ የድንጋይ ጠራቢው ሁለት ሴት ልጆች፤ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ። በስም ሳይሆን በጠባይ ነው የሚያውቋቸው። «ይቺኛዋ በጎኗ ትተኛ፣ በጀርባዋ ያፍናታል። እሱ ውሃ አምጡልኝ አይልም፤ ሳይል ስጡት።» በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። የገመድ ሠሪው እናት የወጡት ጠዋት ጥጉ ላይ ካየሁት ከተጋረደው ጨርቅ ጀርባ ነው። ሻለቃው «ችግር አለ?» ሲሉ አሮጊቷ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተኝተው ነበር፤ እንግዳ እንዳይረበሽ አይሳሉ ተብለው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎርሰው።

ሻለቃው አሮጊቷን ራሳቸው ተሸክመው ገለባው ላይ አስተኟቸው። ከጋሪው ሲመለሱ የደረታቸው ኒሻን በጋቢው ክር ተይዞ ነበር፤ መንጭቀው ኪሳቸው ከተቱት።

«ዘጠኝ ሰው» አሉ አዋላጇ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሥረኛው እዚያ ቤት ነው። ጠዋት ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ፤ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት። ሚስቱ ግን ለእኔም አልከፈተችም። ያዋረዳችኋት እናንተ ናችሁ፤ ሂዱና ለምኑ።»

በሩ ላይ ደረስኩ። «እህቴ፣ ክፈቺልኝ» አልኩ።

«የእኔ ባል የሚችል ነው» አለች ከውስጥ። «ተጽፏል።»

«እሰርዘዋለሁ።»

«ለምን? ስትጽፊው እኮ አይቻለሁ። አሳምረሽ ነው የጻፍሽው፤ አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ ነው ያስተካከልሽ።»

ፊደል የማታውቅ ሴት ናት። እጄን ግን ልቅም አድርጋ ነው ያየችው። ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

ሻለቃው ከኋላዬ መጥተው በጎኔ አለፉ። አላንኳኩም። ዝቅ ብለው፣ በጭቃው ላይ፣ በደጃፉ ድንጋይ ሥር ተቀመጡ፤ ያ የማዕረግ ልብስ፣ ያ ሁሉ ብሩህ ቁልፍ። ጠዋት ባሏን አንተ ያሉት ሰው አሁን በእርስዎ ነው የጀመሩት።

«እመቤቴ፣ ሻለቃው ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ጠዋት መጠየቅ የነበረብኝ ነው። ከቤትዎ የታመመ ሰው አለ?»

ዝም።

«ቢነግሩኝም ባይነግሩኝም ከዚህ አልነሣም።»

«ሻለቃ፣ ድልድዩ!» አለ የጋሪው ነጂ ከላይ።

«እሰማለሁ» አሉ። ሰዓታቸውን አላወጡም።

ከውስጥ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ነበር፤ አንዱ የቆመ ሰው፣ ሌላው የተኛ። ፈረሶቹ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጋሪው ላይ ያሉት አሮጊት አሁን እንደ ልባቸው ይስላሉ። መንደርተኛው ሁሉ በየደጃፉ ወጥቶ ሻለቃውን ጭቃ ላይ ተቀምጠው ያያቸዋል፤ ማንም አልሳቀም። እኛ ነበርን የሳቅነው።

መቀርቀሪያው ተሳበ።

«ይግቡ» አለች። «ቤቱ ግን አልተዘጋጀም።»

ገባን። አራት ግድግዳ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው እንኳ የነሱ አልነበረም። ከምድጃው ውስጥ አመድ እንኳ ተጠርጎ ወጥቷል፤ ከነደደ ስንት ቀን እንደሆነው እንጃ። ሰውየው ወለሉ ላይ በጨርቅ ክምር ተኝቷል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ እንደተቆለፈ ነው። የቦት ጫማ ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑ እኛን አያይም፤ ቁልፎቹን ግን አየ። ሰማያዊ እጆቹን ወለሉ ላይ ተክሎ ሊነሣ ታገለ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ?» አለ። «ቆይ... ቆይ፣ ልነሣ...»

ሚስቱ ትከሻውን ይዛ መለሰችው። «ማንም አልመጣም። ተኛ።»

ሻለቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጀርባቸው ደበቁት። «ማንም አልመጣም፣ ወንድሜ» አሉ። «ተኛ።»

ራሱን መልሶ አሳረፈ። ሚስቱ አንገትጌውን ፈታችለት። ሻለቃው በብብቱ ሥር እጃቸውን አስገቡ፣ እሷ ወገቡን ያዘች፣ ለእኔ እግሮቹ ቀሩ። ተንበርክኬ አነሣኋቸው። በሕይወቴ እንደነሱ የከበደኝ ነገር የለም፤ ጉልበቱ ላይ አንዳች ኃይል አልነበረም፤ ባነሣሁት ቁጥር እንደ ረጠበ ገመድ እጄ ላይ ይታጠፋል። ከዚያ ቤት እስከ ጋሪው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሃያውንም እርምጃ የማስበው ያንኑ ነበር፦ ጠዋት በእነዚህ እግሮች ላይ፣ እኔ ያቺን ቃል ጽፌ፣ አስተካክዬ፣ አድርቄ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ነበር።